ኢንተርኔቱ በስልክ ይከፈታል፣ በኮምፒውተሩ ግን አልከፈት አለ

ጡረተኛው መምህር (ደሴ፣ ሮቢት)

ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህር ነኝ፤ የምኖረው ደሴ ሮቢት ነው። የልጅ ልጄ በመጪው ዓመት 12ኛ ክፍል ትገባለች። ብሔራዊ ፈተናው ከ2016 ጀምሮ በኮምፒውተርም መሰጠት ስለጀመረ፣ እጇ ማውስ ሳይለምድ ፈተና ላይ እንዳትቀመጥ ብዬ ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዛሁላት።

ሁለት ሳምንት ያለ ችግር ሠራ። ከዚያ አንድ ሌሊት የክረምት ዝናብ ከነነጎድጓዱ ሲወርድ አደረ፤ መብራትም ጠፋ። በማግስቱ ሳበራው ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ የዋይፋይ ምልክቱም ሙሉ ነው፤ ግን ጉግልም፣ ዩቲዩብም፣ መለማመጃ ጥያቄ ያለባቸው ገጾችም አልከፈት አሉ። በዚያው ዋይፋይ፣ በዚያው ሰዓት፣ በልጅቷ ስልክ ሁሉም ይከፈታል።

እዚሁ ከተማ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ቫይረስ ነው ተባልኩና ፎርማት ተደረገ፤ ውስጡ ያለው ሁሉ ጠፍቶ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጫነ ማለት ነው። ሲሠራም እዚያው ቆሜ አይቻለሁ። በባጃጅ ጭኜ ቤት አምጥቼ ስሰካው ያው ሆነ። ተመልሼ ስጠይቅ «እንግዲያው የራውተርዎ ችግር ነው፣ ይቀይሩት» አሉኝ። ለራውተር ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት የምታውቁ ብትመክሩኝ ብዬ ነው።

ሀረጎ ማዶ (ኮምቦልቻ)

መምህር፣ እንደምን ዋሉ። እኔ የኮምፒውተር ተማሪ ነኝ። ስልኩ በዚያው ዋይፋይ ከሠራ መስመሩ እስከ ራውተሩ ድረስ ደህና ነው ማለት ነው። ስለዚህ ራውተር አይግዙ።

አንድ ፍተሻ ያድርጉልኝ። በቁልፍ ሰሌዳው ላይ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትንና የአር ፊደልን አንድ ላይ ይጫኑ። በሚከፈተው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ሲ፣ ኤም፣ ዲ የሚሉትን ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ጽፈው ኢንተር ሲሉ ጥቁር መስኮት ይመጣል። እዚያ ላይ ፒንግ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉ፤ ክፍት ቦታ ትተው 8.8.8.8 ያስከትሉ። አራት ጊዜ መልስ ከመጣ ኮምፒውተሩ ከቤት ወጥቶ ዓለምን እያገኘ ነው። ከዚያ በቁጥሩ ፋንታ የአንድ ገጽ ስም ጽፈው ይድገሙት። ቁጥሩ መልስ ሰጥቶ ስሙ ዝም ካለ ችግሩ ዲኤንኤስ ላይ ነው፤ ስምን ወደ ቁጥር የሚፈታው መዝገብ ማለት ነው። በተጨማሪ የኮምፒውተሩ የራሱ አድራሻ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ከራውተሩ አድራሻ አልተሰጠውም ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ራውተሩ ጀርባ ላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ተጭነው ሪሴት ያድርጉት።

ጠጋኙ (ደሴ፣ ፒያሳ)

መምህር፣ እባክዎ መርፌውን ያስቀምጡ።

ወንድሜ ሀረጎ ማዶ፣ የፒንግ ምክርህ ጥሩ ነው፤ ይህን ብዙ ባለሙያ እንኳ አያደርገውም። ሪሴት ግን ለቤት ሰው እንዲህ በዋዛ አይነገርም። ራውተርን አጥፍቶ ማብራት አንድ ነገር ነው፤ ማንም ያድርገው፣ አይጎዳም። በቀዳዳዋ ተጭኖ ሪሴት ማድረግ ግን መስመሩ ሲገባ ቴክኒሻኑ የሞላውን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል አጥፍቶ ዕቃውን ከፋብሪካ እንደወጣ ያደርገዋል። ከዚያ ስልኩም አይከፍት፣ ኮምፒውተሩም አይከፍት፤ ቴክኒሻን ሲጠበቅ ሳምንት ያልፋል። በዚህ ምክንያት ደህና መስመር ይዘው ኢንተርኔት አልባ የሆኑ ቤቶች በየክረምቱ ይገጥሙኛል።

መምህር፣ ከፒንጉ ጋር ሦስት ነገር ይንገሩኝ። ገጹ አልከፈት ሲል መስኮቱ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ ሳያሳጥሩ ቃል በቃል ይገልብጡልኝ። ኮምፒውተሩ ሲበራ፣ ዊንዶውስ ከመምጣቱ በፊት፣ ጥቁር መደብ ላይ የሚወጣ ጽሑፍ አለ? ከታች በቀኝ ጥግ ያለው ሰዓትና ቀንስ ምን ይላል? እስከዚያ ማንም ሰው ኮምፒውተሩን እንዳይነካው።

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)

በመምህር ጥያቄ ውስጥ ስለገባሁ ይቅርታ። የእኔ ቤት ፋይበር ነው። ከትናንት ጀምሮ ግድግዳው ላይ ያለው ዕቃ ኤል ኦ ኤስ ከሚለው ጽሑፍ በላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ያደርጋል። ኢንተርኔት በስልክም በላፕቶፕም የለም። የእኔም የሰዓት ነገር ይሆን?

ጠጋኙ (ደሴ፣ ፒያሳ)

አይደለም እህቴ፤ የአንቺ ሌላ ነው። ያ ቀይ መብራት ብርሃኑ ከመስመሩ አልደረሰልኝም ማለቱ ነው። ፋይበር በመስታወት ክር ውስጥ ብርሃን የሚያመላልስ መስመር ነው፤ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ቢታጠፍ ግድ የለውም የሚባል አይደለም። ወደ ዕቃው የሚገባውን ቀጭን ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይንሽ ተከተይ። ትናንት ቤት አጽድተሻል? ሶፋ ወይም ቁም ሳጥን ገፍተሻል? ገመዱ በዕቃ እግር ሥር ገብቶ ወይም ተጠማዝዞ ከሆነ ቀስ ብለሽ አላቂው፤ ሲጠቀለልም ከቡና ሲኒ አፍ የጠበበ ክብ አይሁን። የገመዱን ጫፍ ከነቀልሽው ወደ ውስጡ አትመልከቺ፤ ብርሃኑ ለዓይን አይታይም፣ ግን ሌዘር ነው፣ ዓይን ይጎዳል። ልጆች እንዳይጫወቱበትም ተጠንቀቂ። ገመዱ ደህና ሆኖ ቀዩ ካልጠፋ ችግሩ ከቤትሽ ውጭ ነውና ለአቅራቢው ደውለሽ «ኤል ኦ ኤስ ቀይ ነው» በያቸው። ይህን አንድ ቃል ሲሰሙ «አጥፍተሽ አብሪ» እያሉ ጊዜሽን አያባክኑም።

ጡረተኛው መምህር (ደሴ፣ ሮቢት)

የተባልኩትን አድርጌአለሁ። ፒንግ በቁጥርም በስምም አራት ተልኮ አራት ተመለሰ፤ የጠፋ የለም። አድራሻውም በ192.168 ነው የሚጀምረው።

ጽሑፉን እንደተባልኩት ገለበጥኩት። ከላይ በትልቁ «ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል» ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ የኮምፒውተሩ ቀንና ሰዓት ልክ ስላልሆነ ከገጹ ጋር ደህንነቱ የተጠበቀ ግንኙነት መፍጠር አልተቻለም የሚል ሐሳብ አለው። ለጥገና ቤቱም ነግሬአቸው ነበር፤ ቫይረስ የሚያመጣው ነው አሉኝ። እኔም ሰዓቱን ከግድግዳ ሰዓቴ ጋር አስተያይቼ ልክ ሆኖ ስላገኘሁት ተውኩት።

ሲበራ ጥቁር መደብ ላይ በእንግሊዝኛ ቀንና ሰዓት አልተሞላም፣ ለመቀጠል ኤፍ 1ን ተጫን የሚል ይመጣል። መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ 2010 ይመለሳል። እኔም ሁልጊዜ ግድግዳ ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ እያየሁ አስተካክለዋለሁ። ዛሬም ኦገስት 12፣ 2017፣ ጠዋት 3 ሰዓት ከሩብ ብዬ ሞልቼዋለሁ። ይኸውና ነሐሴ 12 ነው፤ ምንም ስሕተት የለበትም።

ጠጋኙ (ደሴ፣ ፒያሳ)

አብሽሩ መምህር፤ ኮምፒውተርዎ ቫይረስ የለበትም፣ ራውተርዎም ደህና ነው። የሞሉት ቀን ለእኛ ልክ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ስምንት ዓመት ከስድስት ቀን ወደ ኋላ የቀረ ነው። ሰዓቱም ስድስት ሰዓት ይጎድለዋል።

ለምን ገጽ እንደሚያስከለክል ላስረዳዎ፤ ይህን የተረዳ ሰው ሁለተኛ በዚህ አይታለልም። ዛሬ ማንኛውም ደህና ገጽ ሲከፈት መጀመሪያ መታወቂያውን ለኮምፒውተርዎ ያሳያል። ሰርተፍኬት ይሉታል። ልክ እንደ ቀበሌ መታወቂያ የተሰጠበት ቀንና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ዕድሜውም አጭር ነው፣ ብዙዎቹ የወራት ናቸው። ዘበኛው ብራውዘሩ ነው፤ ገጽ የሚከፍቱበት ፕሮግራም ማለት ነው። ዘበኛው በእጁ የያዘው ቀን መቁጠሪያ 2017 ይላል፤ እንግዳው ያቀረበው መታወቂያ ደግሞ በ2025 የተሰጠ ነው። «ገና ባልመጣ ቀን የተሰጠ መታወቂያ ይዘህ አታልፍም» ብሎ ይመልሰዋል። ዘበኛው ሥራውን በትክክል ሠርቷል፤ የተሳሳተው ቀን መቁጠሪያው ነው። ፒንግ መታወቂያ ስለማይጠይቅ ያለ ችግር ያልፋል። ስልኩ ደግሞ ሰዓቱን ከኔትወርኩ ስለሚቀበል መብራት ቢጠፋም ባይጠፋም አይሳሳትም።

ጥገና ቤት የሠራውና ቤት እምቢ ያለውም ለዚህ ነው። ፎርማት ሲያደርጉ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ሞልተውታል። ነቅለው ባጃጅ ላይ ሲጭኑት ቀኑ ጠፋ፤ ቤት ሲደርስ እርስዎ ከግድግዳው ሞሉት። ሥራውን የሠራው ፎርማቱ አልነበረም፤ ቀኑ ነው።

አሁን እንዲህ ያድርጉ። ከታች በቀኝ ሰዓቱ ላይ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ይጫኑና ቀንና ሰዓት ማስተካከያውን ይክፈቱ። የሰዓት ቀጠና በሚለው ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባን አይፈልጉ፤ ዊንዶውስ ላይ የለችም። ናይሮቢ የሚለውን ይምረጡ፤ ኬንያና እኛ አንድ ሰዓት ነን፣ ሁለታችንም ከዓለም አቀፉ መነሻ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ብዙ ሰው አዲስ አበባን ሲያጣ ያገኘውን ከተማ ይመርጥና ሰዓቱ ይዛባበታል። ከዚያ ኦገስት 18፣ 2025 ብለው ይሙሉ። ሰዓቱን ሲሞሉ በእኛ አቆጣጠር ላይ ስድስት ይጨምሩ፤ ጠዋት 3 ሰዓት ከሩብ ከሆነ 9 ሰዓት ከ15 ነው። መጨረሻ ላይ ሰዓትን በራሱ እንዲያስተካክል የሚያደርገውን ምርጫ ያብሩ። መጀመሪያ በእጅ እንዲሞሉ ያልኩዎት፣ ልዩነቱ እንዲህ በዓመታት የሚቆጠር ሲሆን ዊንዶውስ በራሱ ላያርመው ስለሚችል ነው።

ብራውዘሩን ዘግተው ይክፈቱና ይንገሩኝ።

ጡረተኛው መምህር (ደሴ፣ ሮቢት)

ተከፈተ! ሁሉም ተከፈተ። ልጅቷ ከኋላዬ ቆማ እልል አለች። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ፤ የእጅህን አትጣ።

ግን ከአንድ ሰዓት በኋላ መብራት ብልጭ ብሎ ጠፋና ሲመለስ ያው ኤፍ 1 መጣ፤ ቀኑም ወደ 2010 ሄደ። አሁን በፈረንጅ ስለሞላሁት ገጹ ተከፍቷል። ሁልጊዜ እንዲህ ስሞላ ልኖር ነው?

ሀረጎ ማዶ (ኮምቦልቻ)

መምህር፣ በሪሴቱ ምክር ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ራሴ ፒንጉ ሁለቱንም ሲመልስ ግራ ገብቶኝ ነበር።

የአሁኑ የማዘርቦርዱ፣ ማለትም የዋናው ሰሌዳ ባትሪ ነው። ኮምፒውተሩ ከመብራት ሲነቀልም ሰዓት እንዲቆጥር የምታደርግ አንዲት ክብ ባትሪ ውስጡ አለች፤ እሷ አልቃለች።

ጠጋኙ (ደሴ፣ ፒያሳ)

ልክ ነው። የባትሪዋ ስም ሲአር 2032 ነው፤ ጀርባዋ ላይ ተጽፏል። 20 ማለት ወርዷ 20 ሚሊሜትር፣ 32 ማለት ውፍረቷ 3.2 ሚሊሜትር ነው፤ ኃይሏ 3 ቮልት። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆችም፣ ሰዓት የሚጠግኑም አይጠፋባቸውም። 2025 ወይም 2016 የሚል ቁጥር ያላትን ቢሰጡዎ አይቀበሉ፤ ቀጭን ስለሆነች በቦታዋ አጥብቃ አትቀመጥም።

እርስዎው ይቀይሯታል። ኮምፒውተሩን ያጥፉና ስፒናውን ከሶኬት ይንቀሉ፤ በማጥፊያው ብቻ መጥፋቱ አይበቃም። ከነቀሉ በኋላ ማብሪያውን አንድ ጊዜ ተጭነው ይያዙ፤ በውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። የጎኑን ክዳን ሲከፍቱ ከውስጡ ያለውን የብረት አካል በእጅዎ ይንኩ፤ በተለይ የሹራብ ጨርቅ በሰውነት ላይ የሚያጠራቅመው ኤሌክትሪክ ቺፖችን ሊያቃጥል ይችላል። ሰፊው ሰሌዳ ላይ ሳንቲም የምትመስለዋን ያገኟታል። ከጎኗ ትንሽ የብረት ምላስ አለች፤ እሷን ወደ ውጭ ገፋ ሲያደርጉ ባትሪዋ ራሷ ብድግ ትላለች። በካቻቪቴ አይፈልቅቋት። አዲሷን የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ ሆኖ ይጫኗት። ቀጭ የሚል ድምፅ ታሰማለች።

አሮጌዋን ጠረጴዛ ላይ አይተዉ። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ይህን እንደ ትልቅ ነገር ያዙልኝ። እንዲህ ያለ ባትሪ የዋጠ ልጅ ጉሮሮው ላይ ከተያዘ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋ ሊያቃጥል ይችላል፤ ነገ ይወጣል ተብሎ አይጠበቅም፣ ወዲያው ሆስፒታል ነው። አሮጌዋን በፕላስተር ጠቅልለው አርቀው ይጣሉ።

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)

ሶፋው ነው! ቅዳሜ ቤት ሳጸዳ ገፍቼው ገመዱ በእግሩ ተጨፍልቆ ነበር። አነሳሁት፤ ለትንሽ ጊዜ ቀይ ቆይቶ አረንጓዴ ሆነ። በጣም አመሰግናለሁ።

አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ሳሎን ላይ እንደ ልብ የሚሠራው ዋይፋይ ጓዳ በኩል ባለው ክፍል ይቆራረጣል። በመሀል የቆርቆሮ ክፍፍል አለ፤ ፍሪጁም እዚያው ነው።

ሀረጎ ማዶ (ኮምቦልቻ)

ምክንያቱን ራስሽ ተናገርሽው። ዋይፋይ በእንጨትና በጭቃ ግድግዳ በተወሰነ ደረጃ ያልፋል፤ በቆርቆሮ ግን ተመትቶ ይመለሳል። ፍሪጅም ትልቅ የብረት ሣጥን ነው። ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥተሽ ከፍ ባለ ቦታ፣ ከተቻለ ወደ ኮሪደሩ በር ትይዩ አድርጊው። ሁለት የዋይፋይ ስም የሚያሳይሽ ከሆነ ለጓዳው 2.4 ጊጋኸርዝ የሆነውን ምረጪ፤ ከ5 ጊጋኸርዙ ይልቅ ርቀትና ግድግዳ ይችላል። ሳሎን ላይ ደግሞ 5ቱ ይፈጥናል። ጎረቤቶችሽ ብዙ ዋይፋይ ካላቸው በራውተሩ ውስጥ የ2.4ቱን ቻናል ከ1፣ ከ6 ወይም ከ11 አንዱ አድርጊው፤ እነዚህ ሦስቱ እርስ በርስ አይነካኩም።

የገራዶዋ እናት (ደሴ)

የሁላችሁንም አነበብኩ። እኔ ቤት ራውተር የለም፤ ላፕቶፑን ከስልኬ ጋር በሆትስፖት ነው የማገናኘው። ልጄ አንድ ገጽ ከፍቶ ሳያነብ የገዛሁት ጥቅል ያልቃል። ስልኬን ብቻ ስጠቀም ሳምንት ይበቃኛል። ምን ይሻለኛል?

ጠጋኙ (ደሴ፣ ፒያሳ)

እናቴ፣ ልጅዎን አይቆጡት። ዊንዶውስ ዋይፋይ ሲያገኝ ጥቅል ይሁን ያልተገደበ መስመር ስለማያውቅ ማሻሻያውን በስውር ያወርዳል፤ እሱ ብቻ ጊጋባይት ይበላል። ከስልኩ ጋር እንደተገናኙ የዋይፋዩን ስም ይጫኑና ባሕሪያቱ ውስጥ ሜትርድ ኮኔክሽን የሚለውን ያብሩ። ይህ መስመር እየተለካ የሚከፈልበት ነው ማለት ነው፤ አብዛኛውን ማሻሻያ ያቆመዋል። ፎቶ በራሱ የሚጭኑ ፕሮግራሞችም ካሉ ያቁሟቸው። ማሻሻያውን ግን ለዘለዓለም አይተዉት፤ ያልተገደበ መስመር ያለበት ቦታ ሲሄዱ ያውርዱት። ዊንዶውስ 10 ላይ ከሆኑ የማይክሮሶፍት የተለመደው ድጋፍ ማብቂያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ነው፤ ላፕቶፑ አቅም ካለው ወደ 11 ማሻገር ነው።

ጡረተኛው መምህር (ደሴ፣ ሮቢት)

ባትሪዋን ከሙጋድ ገዝቼ ቀየርኳት። ልጅቷ በስልኳ እያበራችልኝ ምላሷን ገፋ ሳደርግ፣ እንዳልከው ባትሪዋ ብድግ አለች። ኤፍ 1 ቀረ። ለፈተና ብዬ ነቅዬ አሳድሬው ነበር፤ ጠዋት ቀኑም ሰዓቱም በቦታቸው ናቸው።

አሁን ደግሞ ሲያንገበግበኝ የሰነበተውን ልናገር። ፎርማቱ ሲደረግ የባለቤቴ ፎቶግራፎች በውስጡ ነበሩ። ነፍሷን ይማረውና፣ ካረፈች አራት ዓመቷ ነው። ከአሮጌ ሲዲ ገልብጬ አስቀምጫቸው፣ ሲዲው ተጫጭሮ ስለነበር ጥዬዋለሁ። ሲያጠፉት «ውስጡ የሚፈለግ ነገር አለ?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። ሌላም አለ፤ በፍላሽ ያስቀመጥኳቸው የድሮ ፈተናዎቼ አሁን ሲከፈቱ አማርኛው ጠፍቶ የተዘበራረቀ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚታየው።

ጠጋኙ (ደሴ፣ ፒያሳ)

መምህር፣ ይህን ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። አሁኑኑ ኮምፒውተሩን ያጥፉት። ልጅቷም አትክፈተው። ምንም አያውርዱ፣ ምንም አይጫኑ።

ፈጣኑ ፎርማት የመጽሐፍን ማውጫ እንደ መቅደድ ነው፤ ገጾቹ ወዲያው አይቀደዱም። በላያቸው አዲስ ነገር ሲጻፍ ነው የሚጠፉት። ያገለገለ ዴስክቶፕ ስለሆነ ውስጡ የሚሽከረከረው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ ተስፋ አለው። የማይሽከረከረው፣ ኤስኤስዲ የሚባለው ከሆነ ግን የተሰረዘውን ራሱ ስለሚያጸዳ ተስፋው የመነመነ ነው። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ስለተጫነበት የተወሰነው ተጽፎበታል፤ ሙሉውን እመልሳለሁ ብዬ አልዋሽዎትም። ዲስኩን ብቻ ይዘው ይምጡና ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አያይዤ ምንም ሳልጽፍበት አነበዋለሁ። ገንዘብ አልቀበልም።

ፈተናዎችዎ አልጠፉም። በድሮው የግዕዝ ፕሮግራም የተጻፉ ናቸው፤ ያ አጻጻፍ የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ተውሶ በላዩ የአማርኛ ቅርጽ የሚያለብስ ነበር። ፎርማቱ የፊደሉን ፋይል ስላጠፋው ልብሱ ወለቀና ሥሩ ታየ። ያኔ በምን ነበር የጻፉት፣ በቪዥዋል ግዕዝ ወይስ በፓወር ግዕዝ? የዚያኑ ፊደል ፋይል መልሰን ስንጭን አማርኛው ይመለሳል።

ለሁላችሁም አንድ ነገር ልበል። ፎርማት ለሁሉም ሕመም የሚሰጥ ክኒን መሆኑ ይብቃ። መጀመሪያ ጽሑፉን አንብቡ፣ ሰዓቱን እዩ፣ ገመዱን ንኩ። ፎርማት የመጨረሻው ነው፤ እሱም ባለቤቱን «ምን አለህ ውስጡ?» ብሎ ጠይቆ፣ ገልብጦ አስቀምጦ።

ባለሱቁ (ደሴ፣ ሙጋድ)

እኔም በዚሁ ሙያ ነው የምኖረው። ጠጋኙ ያልከው እውነት ነው፤ ግን የእኛንም ወገን ስማ። ደንበኛ መጥቶ ባትሪ ቀይሬ በአምስት ደቂቃ ብመልስለት «ለዚህች ነው የምታስከፍለኝ?» ይለኛል። ሁለት ሰዓት አስቀምጬ ፎርማት ካደረግኩ ሳይከራከር ይከፍላል። ሰው የሚከፍለው ለማወቅ ሳይሆን ለመድከም ነው። በዚህ የተነሳ ብዙዎቻችን መመርመር ትተን ማጥፋት ለመድን። መምህር፣ የእርስዎን ዕቃ የሠራሁት እኔ አይደለሁም፤ ግን የፎቶግራፎቹን ነገር ሳነብ ከዛሬ ጀምሮ ሳልጠይቅ አንድ ዲስክ እንደማልነካ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ጠጋኙ (ደሴ፣ ፒያሳ)

ባለሱቁ፣ ያልከው ያስማማናል። እኔ ዋጋዬን ለሁለት ከፍዬዋለሁ፤ የምርመራ ብቻውን፣ የሥራ ብቻውን። ሰው ሲገባው ይከፍላል።

መምህር፣ ሌላም ልጨምር። ነጎድጓድ ሲጀምር ኮምፒውተሩን ማጥፋት ብቻ በቂ አይደለም፤ ስፒናውን ይንቀሉ። የስልክ መስመር ያላቸው ደግሞ የራውተሩን የስልክ ገመድም ይንቀሉ፤ በሱ በኩልም ይገባል። መብራት እንደመጣ ወዲያው አይሰኩ፤ መጀመሪያ ላይ ከፍና ዝቅ ስለሚል ጥቂት ደቂቃ ይረጋጋ። ስታቢላይዘር ኃይሉን ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ አያቆይም፤ ሥራ አስቀምጦ በሥርዓት ለማጥፋት ጊዜ የሚሰጠው ዩፒኤስ ነው። እኛ ከተማ ክረምቱን የምናውቀው ነውና አቅም ሲገኝ ይታሰብበት።

ጡረተኛው መምህር (ደሴ፣ ሮቢት)

ከአምስት ቀን በኋላ ተመለስኩ። ዲስኩን ወደ ፒያሳ ይዤ ሄድኩ፤ የሚሽከረከረው ዓይነት ነበር። አንድ ሌሊት ሙሉ ሲያነበው አደረ። ከሁለት መቶ የሚበልጡት ፎቶግራፎች ውስጥ ስልሳ ሦስቱ ተገኙ። የተወሰኑት ከመሀላቸው ወደ ታች ግራጫ ሆነዋል። አንዱ ግን ሙሉ ነው፤ ሐይቅ እስጢፋኖስ ስንሄድ ጀልባው ዳር ቆማ፣ ነጠላዋን ነፋሱ አንስቶት፣ ለመያዝ እጇን ስትዘረጋ። እሱን በሦስት ቦታ ገልብጬአለሁ፤ በፍላሽ፣ በልጄ ስልክና ልጅቷ በከፈተችልኝ የኢሜይል ሣጥን ውስጥ።

ፈተናዎቹም በአማርኛ ተመልሰዋል፤ ቪዥዋል ግዕዝ ነበር።

አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። ኮምፒውተሩ ጎን ላይ «ስምንት ዓመት ደምር፣ ስድስት ሰዓት ደምር» የሚል ወረቀት ለጥፌአለሁ። ልጅቷ ዘመን ሲለወጥ አይሠራም ትለኛለች። እውነቷን ነው?

ሀረጎ ማዶ (ኮምቦልቻ)

እውነቷን ነው መምህር። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ልዩነቱ ሰባት ነው፤ ከጃንዋሪ 1 በኋላ እንደገና ስምንት ይሆናል። ስድስት ሰዓቱ አይለወጥም። ወረቀቱ ላይ ሁለቱንም ይጻፏቸው፤ ባትሪዋ አዲስ ስለሆነች ግን ለብዙ ዓመት አያስፈልግዎትም።